በግራ እጃችን የምንጽፈው የልጆች ደብተር

ሚስ_ሐይቅዳር | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል አፀደ ሕፃናት ኬጂ 2 አስተምራለሁ። ስሙን አልጠራም። ብታውቁትም አትጥሩብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ 9 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ከዚያ እኛ ሦስት መምህራን ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ፣ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ተቀምጠን ደብተር እንሞላለን። የልጆቹን ደብተር። ጽሑፉ የልጅ እንዲመስል በግራ እጃችን ነው የምንጽፈው። አንዷ ጓደኛዬ ከመልመዷ የተነሣ የእያንዳንዱን ልጅ «የእጅ ጽሑፍ» ለይታ ትሠራለች። «ይሄኛው ችኩል ነው፣ ከመስመር ላውጣለት» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ያስቀን ነበር።

ዳይሬክተራችን ነገሩን አይደብቁትም። «ወላጅ የሚከፍለው ደብተር አይቶ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ፊደሉ፣ ከ1 እስከ 100፣ ኤቢሲዲ ትልቁም ትንሹም ተሞልቶ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ይሄዳል። ልጆቹ 31 ናቸው። ዕድሜያቸው 4 እና 5 ነው።

ባለፈው ዓርብ አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጣች። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሽፍት ወጥታ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ድካሟ ያስታውቃል። ደብተሩን ገለጠችና ፊቷ በራ። «አንተ! እንዲህ ትጽፋለህ እንዴ?» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ «እኔ አይደለሁም፣ ሚስ ናት» አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔም «እጁን ይዤለት ነው» አልኩ።

እጁን አልያዝኩለትም። ልጁም ያውቃል። ዝም ብሎ አየኝ። እውነቱን የተናገረው እሱ፣ ውሸታም የሆነው ግን እሱ። አራት ቀን ሆነኝ፣ ያ አስተያየቱ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? «ሥራ ልቀቂ» አትበሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ሁለተኛ፣ ከደብተር ሌላ ለወላጅ የሚታይ ምን አላችሁ? እኛ ጋ የመማሪያ ቁሳቁስ ማለት ግድግዳ ላይ ያለ የፍራፍሬ ፖስተር ነው። እዚያ ላይ ያለውን እንጆሪ ከልጆቹ አንዱም ቀምሶት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰኞ_ማክሰኞ | ሰኞ ማታ

እኛ ጋም ያው ነው እህቴ። እኔ በግራ አልችልበትም፣ በቀኜ እያንቀጠቀጥኩ ነው የምጽፈው። አንድ አባት «የልጄ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሐኪም ላሳየው ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩ አልናገርም።

የጣቦር_እናት | ማክሰኞ ጠዋት

ወላጅ ነኝ። ይሄን አንብቤ የልጄን ደብተር ከቦርሳው አወጣሁት። «መ»ዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዷም አልተጣመመችም። የአምስት ዓመት ልጅ ነው እኮ!

በጣም ተናድጃለሁ። ደግሞ በራሴም አፈርኩ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ያስቀየርኩት «እዚያኛው ኬጂ ያሉት ጽፈው ጨርሰዋል፣ የኔ ልጅ ጭቃ ሲያቦካ ይውላል» ብዬ ነው።

ጋሽ_ጠመኔ | ማክሰኞ ከሰዓት

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ፣ ዛፍ ሥር ነው። በስንደዶ እየጠቆምን «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» እንላለን። መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በዓይን ለይቶ፣ ከዚያ ማንበብ። መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ይህን ሁሉ ስናልፍ ማንም «ጻፍ» ያለን የለም። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ ያለበት የአዋቂ ሥራ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ስሙን መጻፍ ባይችል ማንም «አልተማረም» አይለውም ነበር።

እንግዲህ «የድሮ ትምህርት ጥብቅ ነበር» እያላችሁ የአራት ዓመት ሕፃን እርሳስ የምታስጨብጡ ወላጆች ይህን ዕወቁ። ድሮ የነበረው ጣት ነው፣ እርሳስ አይደለም። የየኔታን ኩርኩም ግን አላመሰግንም። እስከ ዛሬ ራሴን ስታጠብ ትዝ ይለኛል።

ነርስ_ነኝ | ማክሰኞ ማታ

ጋሼ ያሉትን በእኔ ሙያ ላግዝ። የእጅ አንጓ ውስጥ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ሕፃን ሲወለድ ሁሉም ገና ልም አጥንት ናቸው። አንድ በአንድ ነው የሚጠነክሩት፤ የመጨረሻዋ 8 ዓመት ካለፈ በኋላም ልትቆይ ትችላለች። የጣት ጡንቻም እንደዚያው ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚበረታው። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ አንድ ገጽ ሙሉ «ሀ» ሲጽፍ የሚደክመው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከትከሻው ጀምሮ ነው የሚጽፈው። ልብ ብላችሁ እዩት፣ ምላሱን ሁሉ አውጥቶ ነው።

ጭቃ ማቡካት፣ መቅደድ፣ መቆንጠጥ፣ ዶቃ በክር ማስገባት፤ እጁን ለእርሳስ የሚያዘጋጀው ይሄ ነው። የጣቦር እናት፣ ልጅሽ ጭቃ ሲያቦካ እየተማረ ነበር።

ሃያ_ዓመት_ዳይሬክተር | ረቡዕ ጠዋት

ሁላችሁም ዳይሬክተሯ ላይ ዘመታችሁ። እኔም ዳይሬክተር ነኝ፣ ሌላ ከተማ። እስቲ ደግሞ የእኛን ስሙ።

መስከረም ላይ ወላጅ ይመጣል። የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ መጻፍ ይጀምራል?» ነው። «በጨዋታ ነው የምናስተምረው» ስለው «ለጨዋታማ ሰፈር አለለት፣ ምን አስከፈለኝ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ከልቡ ቆርጦ ነው የሚከፍለው። ጥር ላይ አምስት ልጅ ከወጣብኝ የአንዲት መምህርት ደመወዝ ሄደ ማለት ነው። ያቺ መምህርት ልክ እንደዚች ልጅ የቤት ኪራይ አለባት።

በግራ እጅ መጻፉን አልደግፍም። እኔ ጋ የለም። ነገር ግን ውሸቱን የጀመረው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከደብተሩ ሌላ ነገር ማየት ያልፈለገ ሁሉ እጁ አለበት።

ኮሌጅ_ገና_ነኝ | ረቡዕ ከሰዓት

ሰላም፣ የሕፃናት ትምህርት ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን የምናነበው የሙያ ሥነ ምግባር ስለሆነ ልግባበት።

አሜሪካ ውስጥ ኤንኤኢዋይሲ የሚባል የሕፃናት መምህራን ማኅበር አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል፣ ከዚያ ወዲህም እያሻሻለው ነው። አራት ክፍል አለው፦ ለሕፃናት፣ ለቤተሰብ፣ ለባልደረቦች፣ ለማኅበረሰብ ያለን ኃላፊነት። የመጀመሪያው መርሕ «ከሁሉ በፊት ሕፃናትን አንጎዳም» የሚል ነው። ይሄ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል ተብሎ እዚያው ተጽፏል።

የጠቀመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አጣብቂኝ እና ግዴታ ይለያያሉ። አጣብቂኝ የምንለው ሁለቱም ወገን እውነት ሲኖረው ነው። ግዴታ ከሆነ ግን ከባድ ቢሆንም መልሱ አንድ ነው። ሚስ ሐይቅዳር፣ ወላጅን አለመዋሸት አጣብቂኝ አይደለም፣ ግዴታ ነው። አጣብቂኙ የሚጀምረው «እንዴት ልውጣበት?» ስትዪ ነው። ጓደኞችሽ አሉ፣ ደመወዝ አለ፣ እናትየዋ አለች። ደንቡ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። በባልደረባ ሥራ ቅር ከተሰኘሽ መጀመሪያ ለራሷ ንገሪያት ይላል። ለሌላ ሰው ከመናገርሽ በፊት።

ሃያ_ዓመት_ዳይሬክተር | ረቡዕ ከሰዓት

ደንቡን ያወጡት ሰዎች በአንዲት መምህርት 31 ልጅ ይዘው ያውቃሉ?

ኮሌጅ_ገና_ነኝ | ረቡዕ ማታ

አይመስለኝም፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ግን የራሳችንም አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። «ይሄ ከደብተር ጋር ምን አገናኘው?» ካሉ፣ ተግባር ልምምድ ወጥቼ ያየሁትን ልንገርዎ። ገጹን ያልጨረሰ ልጅ ይቆነጠጣል። ጆሮው ይያዛል። ወይም ሌሎቹ ሲጫወቱ እሱ እርሳስ ይዞ ይቀራል። ቁንጥጫው ከደብተሩ ነው የሚመጣው። በቁጣ የምትቆነጥጠዋ መምህርት ክፉ ሰው አልነበረችም። ዓርብ ደርሶባት ነው።

አቶቴ_ሰፈር | ረቡዕ ማታ

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የኔ ልጅ በሦስት ዓይነት ፊደል ይታሻል። የአማርኛው 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው። እንግሊዝኛው አለ። የሲዳማ ቋንቋ ሲዳሙ አፎም በላቲን ነው የሚጻፈው። እንግሊዝኛ ላይ «ሲ» ያልናት ፊደል ሲዳሙ አፎ ላይ «ጨ» ትሆናለች፣ «ኤክስ» «ጠ» ትሆናለች። አያቱ የምታስተምረውና ሚስ የምታስተምረው ሲጋጩበት ልጁ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አላቸው።

እኔ መምህር አይደለሁም። ግን መጀመሪያ አፉን ቢፈታለት ይሻል ነበር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ጨምበላላ ሲደርስ ከሰፈር ልጆች ጋር «አይዴ ጨምበላላ» እያለ ቤት ለቤት ይዞራል። የበዓሉን ነገር አንድ በአንድ ያውቀዋል። ፍቼ ጨምበላላን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፣ የልጄ ኬጂ ግን ግድግዳው ላይ የለጠፈው የበረዶ ሰው ነው። ሐዋሳ! በረዶ!

ባለ_ቆርኪዋ | ሐሙስ ጠዋት

ከአዳማ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሁለተኛው ጥያቄሽን ማንም ስላልነካው ልመልስ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ፖስታው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ካኪ ፖስታ አዘጋጂ። መስከረም ላይ «ሰው ሣልልኝ» በዪው። የፈለገውን ይሣል። ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፊና ስለ ሥዕሉ ያለውን ቃል በቃል አስፍሪ። እሱ ነው የሚናገረው፣ አንቺ ጸሐፊ ብቻ ነሽ። ጥር ላይ ድገሚው። ሰኔ ላይ ድገሚው። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ወላጅ አፉን ይይዛል። መስከረም ላይ ራስና እግር ብቻ የነበረው ሰውዬ ሰኔ ላይ ሆድ፣ ጣት፣ ቅንድብ አውጥቷል። አንዱ ልጄ «ይሄ አባቴ ነው፣ እግሩ የረዘመው ሲሮጥ ነው» ብሎ አጽፎኝ ነበር። አባቱ ያቺን ወረቀት ወስዶ ሱቁ ውስጥ ሰቅሏታል። የሞላ ደብተር የሚሰቅል ሰው አይቼ አላውቅም።

ቆርኪ። ሆዱ ላይ ፊደል ለጥፊበት። ግን 231ዱን ሁሉ አይደለም። ልጁ መጀመሪያ የራሱን ስም ፊደላት ብቻ ይፈልግ። ስሙን ከቆርኪ ክምር መርጦ መደርደር ለአራት ዓመት ልጅ ትልቅ ሥራ ነው። እርሳስ የለ፣ ስህተት በላጲስ አይጠፋ። ብቻ ያነሣል፣ ይቀይራል።

የእንቁላል ካርቶን። ትልቁ 30 ጉድጓድ አለው። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ጠጠር። እስከ 100 በቃሉ የሚያንበለብል ልጅ እዚህ ላይ 7 ላይ ሲወላገድ ታዪዋለሽ። ያኔ የቱ ጋ እንደሆነ አወቅሽ። ቆጠራና ዜማ የተለያዩ ናቸው።

አሸዋ። የብስኩት ካርቶን ክዳን ውስጥ ሳሳ አድርገሽ አፍሺ። በጣት ይጽፍበት። የጋሼ ስንደዶ ማለት ይሄው ነው። የልብስ መቆንጠጫ ለጣት ጥንካሬ ነው። ከካርቶን ጠርዝ ላይ ይሰካል፣ ይነቅላል።

መጽሐፍ ከሌለሽ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል አለ። የልጆች ተረት በነጻ የሚወርድበት ነው፣ የአማርኛም አለው። አውርዶ ማተም ይፈቀዳል። በነገራችን ላይ እናንተ ሐዋሳዎች ልትኮሩ ይገባል፤ ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባለው ድርጅት በአህያ ጋሪ ለልጆች መጽሐፍ ያዞረው እናንተው ጋ ነው። መጽሐፍ ባይኖርም ግን «ተረት ተረት» ስትዪ «የላም በረት» የማይልሽ ልጅ የለም። እንቆቅልህ በነጻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ባቄላ፣ ዶቃ፣ ጠጠር አፍ ይገባል፣ አፍንጫም ይገባል። ከ3 ዓመት በታች ላሉት በሶፍት ጥቅል መሃል ባለችው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር አትስጪ። ታናሽ ወንድም ይዘው የሚመጡም አሉ። ቆጥረሽ አውጪ፣ ቆጥረሽ መልሺ።

የጣቦር_እናት | ሐሙስ ከሰዓት

ባለ ቆርኪዋ፣ የዱቄት ሊጥ አለማለትሽ ደስ ብሎኛል። አንድ ጊዜ ዩቲዩብ አይቼ ለልጄ በዱቄትና በጨው ሊጥ ሠራሁለት። እናቴ ደርሳ «እህል መጫወቻ ሆነ?» ብላ ሳምንት ሙሉ ተቆጣችኝ። ልክም ነበረች።

ቴክ_ወንድም | ሐሙስ ማታ

ቀላል መፍትሔ አለኝ። ልጆቹ ሲጫወቱ ቅረጽዋቸውና ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ወላጅ ያያል፣ ትምህርት ቤቱም ማስታወቂያ ያገኛል።

ሰኞ_ማክሰኞ | ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ ይሄ ቀላል አይደለም። እኛ ጋ አንድ የመዝሙር ቪዲዮ ተለቀቀ። ከኋላ አንድ ልጅ ሱሪው ረጥቦ ቆሟል። የቀረጸው አላየውም። የሰፈር ልጆች ግን አይተዋል። እስከ ዛሬ በዚያ ይጠሩታል። ለወላጁ ብቻ በግል መላክ ሌላ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ተጠይቆ፣ በጽሑፍ ፈቅዶ። አሁን እኮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ አለ። የልጅ መልክም ዳታ ነው።

ቴክ_ወንድም | ሐሙስ ማታ

እሺ፣ ስለ ልጁ አላሰብኩም ነበር። ትቼዋለሁ።

ሚስ_ሐይቅዳር | ከሦስት ሳምንት በኋላ

የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኮሌጅ ገና ነኝ እንዳለችው ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ አልሞላም፣ እናንተን ግን አላጋልጥም» አልኩ። አንደኛዋ «እኔም ሰልችቶኛል» አለች። በግራ እጅ የተካነችዋ ግን ተቀየመች። «አንቺ ጻድቅ ሆነሽ እኛ ሌባ ልንባል ነው?» አለችኝ። እስካሁን ሰላምታችን በግንባር ብቻ ነው። እውነቷንም ነው፣ ከእሷ ጋር ሁለት ዓመት ሞልቻለሁ።

ቀጥሎ ዳይሬክተራችን። ደንብ አልጠቀስኩም። የአራት ልጅ ፖስታ ይዤ ገባሁ። የነርሷንም ነገር ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩና «ወላጅ ከወጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ ተደራደርን። ኬጂ 1 ላይ ደብተር ቀረ። የእኔ ክፍል ላይ አልቀረም፣ ግን በሳምንት አንድ ገጽ ሆነ። ልጁ የጻፈው እንደተጻፈ ይሄዳል፣ ቢጣመምም። የፖስተሩ እንጆሪ እስካሁን አለ።

እናትየዋን ያገኘኋት ዓርብ ነው። «ያን ቀን ልጅሽ እውነቱን ነበር፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ልጁ አጠገቧ ነበር። እሱ እንዲሰማ ነው እዚያው የተናገርኩት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «ታዲያ ስንት ወር ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ፖስታውን ሰጠኋት። ባጃጅ ሥሏል፣ አራት ጎማ ያለው። ጀርባው ላይ «አራተኛዋ ጎማ መለዋወጫ ናት፣ እማዬ ማታ እንዳትቆም» የሚል የራሱን ቃል አስፍሬያለሁ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ይቅርታ አላደረገችልኝም፣ ግን ሰኞ ልጁን ይዛ መጣች።

ሃያ_ዓመት_ዳይሬክተር | ከሦስት ሳምንት በኋላ

ካኪ ፖስታውን በጅምላ የት አገኛችሁት?

ባለ_ቆርኪዋ | ከሦስት ሳምንት በኋላ

እርስዎም ገቡበት እንግዲህ! እኛ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በመቶ እንገዛለን። ሚስ ሐይቅዳር፣ ቆርኪው ሞላልሽ?

ሚስ_ሐይቅዳር | ከሦስት ሳምንት በኋላ

ፒያሳ ያለ አንድ ግሮሰሪ ግማሽ ጆንያ ሰጠኝ። ችግሩ ሁሉም የቢራ ነው። ዳይሬክተራችን «ወላጅ ምን ይላል፣ አርማውን ሸፍኚ» አሉኝ። ቀለሙ ደግሞ ውድ ነው።

ባለ_ቆርኪዋ | ከሦስት ሳምንት በኋላ

ቀለም አያስፈልግሽም። አሮጌ ደብተር ቅደጂና ክብ ክብ ቆርጠሽ ለጥፊበት። የሞላችሁት ደብተር መቼም አይጠፋም። ሙጫ አትግዢ፣ ዱቄት በውሃ አፍልተሽ ሥሪ።

ሚስ_ሐይቅዳር | ከሦስት ሳምንት በኋላ

በዱቄት? ቀስ በዪ፣ የጣቦር እናት እናት እንዳትሰማሽ።